የኦቦ መርጋ ሌላኛው ዓይን

አምቦ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃዋኒ ደቻሳ፣ ጀርመን አገር

አከም ጅርታ፣ ሃዋኒኮ? ከአምቦ የተነሣው ሰላምታችን ያን ሁሉ አገርና ውኃ አልፎ ካለሽበት ይድረስ። እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ወይዘሮ ጉዴም ደህና ናት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብዬ አይቻታለሁ፤ የጉልበቷ ሕመም ቀለል ብሏታል። ዘንድሮ ጤፉ ጥሩ ነው። መንገዱም አልፎ አልፎ ቢዘጋም ሰው ይገባል፣ ይወጣል።

ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሺም። ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ። ለዚህ ነው አድራሻሽን ከእናትሽ ተቀብዬ ወረቀት ያነሣሁት። አባትሽ ደቻሳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአጎቴ ልጅ ብቻ አልነበረም። ቡርሽ ያስያዘኝም እሱ ነው። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየሣለ፣ እኔ የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ በአንድ ደጃፍ ኖረናል። የእሱ ልጅ የእኔም ልጅ ናት።

እናትሽ እንደነገረችኝ እዚያ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታድሻለሽ። እሰየው። እኔም በዚሁ ነገር ሥራ ይዣለሁ። ኦቦ መርጋን መቼም አትረሻቸውም፤ የጌዶው ከብት ነጋዴ፣ የጨፌዋን የአቦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በ2010 ያሠሩት። አሁን ደግሞ ደንዲ ሐይቅ አጠገብ አዲስ ለተሠራችው ኪዳነ ምሕረት ሥዕሉን በሙሉ ላሠራ ብለው ቃል ገብተዋል። ኮሚቴው የጨፌዋን አይቶ ሌላ ሠዓሊ አንፈልግም ብሎ እኔን መርጧል።

የምለምንሽ ትንሽ ነገር ናት። ካለሽበት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ፎቶ ላኪልኝ፤ እያየሁ እጄን ላፍታታበት።

የአባትሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ።

አጎትሽ ተሻለ ጉተማ


ግራውሃፈን፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተሻለ፣ አምቦ

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይድረስ። ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ።

ስልክ የማላነሣው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በስልክ እርስዎ ያወራሉ፣ እኔ «እሺ ጋሼ» እላለሁ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ሊያቋርጡኝ አይችሉም። ስለዚህ ደብዳቤው ይሻለናል።

ያለሁባት ከተማ ትንሽ ናት። ባሕሩ ከቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በዓሣና በጨው የከበሩ ነጋዴዎች የሠሯት ናት። ቤተ ክርስቲያኗ የቀይ ጡብ ናት፤ ጣሪያዋ አንገት እስኪያምም ከፍ ይላል፤ መስኮቶቿ ጫፋቸው የሾለ ነው። ይህንን አሠራር ጎቲክ ይሉታል። ግድግዳዋ ሁሉ ሥዕል ነበር። በኋላ የሃይማኖት ለውጥ ሲመጣ ሥዕሉን በኖራ ደፈኑት። አምስት መቶ ዓመት ገደማ እንደተደፈነ ቆየ። የእኔ ሥራ ያንን ኖራ በሐኪም ምላጭ መፋቅ ነው። ከፍ ብሎ በተተከለው መወጣጫ፣ ፖንቴው ላይ፣ በጀርባዬም በጉልበቴም ሆኜ ውዬ መዳፌን የሚያህል ከከፈትኩ ጥሩ ቀን ነው። እስካሁን አንድ መርከብ፣ አሥራ አንድ መርከበኞችና ሕፃን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገር ግዙፍ ቅዱስ አውጥተናል። ቀለሙ የእኛው ቀይ አፈር ነው፤ ጥቁርና ትንሽ አረንጓዴ ተጨምሮበት። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ጨው እያወጣ ያስቸግረናል።

እዚህ አንድ ደንብ አለ። ኖራ የፋቀ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የፋቀበትን ቦታ፣ ቀኑንና ስሙን መዝገብ ላይ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ረስቼ ወጥቼ ነበር። አለቃዬ ሔልጋ ከመንገድ መለሰችኝ፤ «ካልጻፍሽ አልሠራሽም ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሃዋኒ ደቻሳ፣ ሃዋኒ ደቻሳ እያልኩ እጽፋለሁ።

የመርከቡን ፎቶ ልኬያለሁ። በምትኩ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። የጨፌዋ አቦ ግድግዳ ላይ፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ሠዓሊ ተብሎ የተጻፈው የማን ስም ነው? አላጣሁትም። እርስዎ በእጅዎ ሲጽፉት ማየት ፈልጌ ነው።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃዋኒ

እንኳን ለጥምቀት በዓል አደረሰሽ። ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን ለራሴ አነበብኳት።

ያነሣሽው ነገር የቆየ ነው። ሴት ልጅ ቅድስት ውስጥ ፖንቴ ላይ ወጥታ እንደማትሠራ ታውቂያለሽ። አንቺ እናትሽ ጓሮ ባለው ክፍል አቡጀዲው ላይ ሣልሽ፤ እኔ ጠቅልዬ በአይሱዙ ጨፌ ድረስ ወስጄ በኮላ ለጠፍኩ። ሁለታችንም ሠርተናል። ስም ሲመጣ ካህናቱ በዓይን የሚያውቁት እኔን ነው። ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ከዚህ የተለየ ተንኮል አልነበረም።

አሁን ሃዋኒኮ፣ የደንዲው ሥራ ተጀምሯል። የእኔ እጅ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልብሱን፣ ፈረሱን፣ ተራራውን እወጣዋለሁ። ፊት ላይ ስደርስ ይዞኝ ይቆማል። ያለው ሃያ አራት ፊት ብቻ ነው። አንቺ እዚያው ሆነሽ በአቡጀዲ ላይ ሥለሽ፣ እንደ ድሮው ጠቅልለሽ በፖስታ ብትልኪልኝ እኔ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ። ማንም አያውቅም። ልኩን ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ።

የእናትሽን የጓሮ ክፍል ቆርቆሮ ባለፈው ሳምንት አስጠግኛለሁ፤ ያፈስ ነበር። ይህንን የጻፍኩት ውለታ ለመቁጠር አይደለም።

ጌታ መንገድሽን ያቅና።

ተሻለ ጉተማ


ግራውሃፈን፣ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተሻለ

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ስለ ቆርቆሮው አመሰግናለሁ። ግን እናቴን እንደ ማኅተም በየደብዳቤዎ ግርጌ አይምቱብኝ። «ሃዋኒኮ»፣ የእኔ ሃዋኒ፣ የሚሉኝም ነገር ሲፈልጉ ብቻ ስለሆነ ቢተዉት እመርጣለሁ።

«ማንም አያውቅም» ብለዋል። እሱን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ እርስዎ የማያውቁትን፣ ወይም የማያውቁ የመሰሉትን አንድ ነገር ልንገርዎ።

ስምንት ወር በዚያ ጓሮ ክፍል ሥያለሁ። ሰባ ሁለት ፊት። ከሥዕል ትምህርት ቤት ወጥቼ የሠራሁት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነበር። በ2011 አዲስ አበባ ላይ ለመምህርነት ተወዳደርኩና የጨፌን ሥዕል ፎቶ ፈታኞቹ ፊት ዘረጋሁ። አንዱ የእኛው አገር ሰው ነበር። «ይሄማ የሠዓሊ ተሻለ ሥራ ነው፤ ጨፌ ለቅሶ ሄጄ ስሙን አንብቤያለሁ» አለ። እኔ ነኝ የሣልኩት አልኩ። ተሳሳቁ። አንዷ ሴትዮ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሥራ ይዘሽ ስትመጪ እንኳ ስም የሌለበትን አትመርጪም?» አለችኝ።

ከደረጃው ሳልወርድ ለእርስዎ ደወልኩ። አንድ ቃል ይንገሩልኝ፣ ስልኩን ለሰዎቹ ልስጣቸው አልኩ። «ኔትወርኩ አይሰማም፣ አይሰማም» ብለው ዘጉት። እኔ ግን እሰማዎት ነበር። ከኋላዎ የታክሲው ረዳት «ጉደር! ጉደር!» ሲል ሁሉ እሰማ ነበር።

እዚህ የመጣሁት በንድፎቼ ነው። ንድፎቹ ጓሮ ክፍል ውስጥ ስለቀሩ ማንም ስሙን አልጻፈባቸውም።

ሃያ አራቱን ፊት እሥላለሁ። ክፍያ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጨፌ ሄደው፣ ከስምዎ በላይ፣ በዚያ በሚያምረው ፊደልዎ «ሥዕል፦ ሃዋኒ ደቻሳ» ብለው ይጻፉ። ፎቶው የደረሰኝ ዕለት አቡጀዲ እወጥራለሁ።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሃዋኒ ደቻሳ

የሰላም አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። መልሴ አምስት ወር ዘገየ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ከዚያ ዝናቡ ገባ። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ግን መንገዱ ቢከፈትም የምጽፈው አልነበረኝም።

ያዘዝሽኝን ማድረግ አልቻልኩም። ስሙን አሁን ብነካ «ለምን?» የሚል ሰው ይመጣል። አንዴ ለምን ከተባለ ደግሞ «ያኔ ዋሽቶን ነበር» ይባላል። እኔ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጨፌ በፊት በአምቦ የምታወቀው «ታፔላው» እየተባልኩ ነበር። አሁን ባንክ ቤት ስገባ ዘበኛው «ሠዓሊው መጡ» ብሎ ወንበር ያቀርብልኛል። ወጣት ስለሆንሽ ይህች ወንበር ምን ያህል እንደምትከብድ አታውቂም። እሷን መልስ አትበይኝ።

ፊቶቹን ትቼልሻለሁ። የጨፌውን ሥዕል ፎቶ በካሬ ከፋፍዬ እያባዛሁ እገለብጣለሁ፤ ታፔላ ላይ የለመድኩት ነው። ያቃተኝ የኦቦ መርጋ ምስል ብቻ ነው። ጨፌ ላይ ከጉርድ ፎቷቸው ቆመው ነው የሣልሻቸው። አሁን ግን ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኬ ካልሆነ ብለዋል። ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ፣ ተንበርክኮ የተሣለ ሰው እዚያ ካለ ፎቶውን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ተሻለ


ግራውሃፈን፣ ሐምሌ 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ተሻለ

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት ፎቶ ይኸው። ከግዙፉ ቅዱስ እግር ሥር የተንበረከከው ሰው የዓሣ ነጋዴ ነው፤ ይህን ግድግዳ በገንዘቡ ያሣለው እሱ ነው ይላሉ። ግንቦት ላይ እኔ ነኝ ከኖራው ያወጣሁት።

ሃዋኒ


አምቦ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሃዋኒ ደቻሳ

እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የደንዲዋ ቤተ ክርስቲያን ተመረቀች። ሥዕሉ እስከ ዕለቱ በመጋረጃ ተሸፍኖ ነበር፤ ማንም አላየውም። ከቅዳሴ በኋላ ኦቦ መርጋን፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ ቢፍቱንና ሽማግሌዎቹን አስገብተው መጋረጃውን ገለጡ። እልልታው ደመቀ። እመቤታችንን አዩ፣ መላእክቱን አዩ። ከዚያ ኦቦ መርጋ ዝቅ ብለው ራሳቸውን ፈለጉ።

ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና፣

«ያ ተሻለ» አሉኝ፣ «ኢጂኮ ኤሳ? ሌላኛው ዓይኔ የት ሄደ?»

«በጎን ስለሆነ ነው፣ ኦቦ መርጋ። ከዚያ ወዲያ ነው ያለው» አልኳቸው።

«ከየት ወዲያ?»

«ከአፍንጫው ወዲያ።»

«ሄጄ ልፈልገው?»

ወይዘሮ ቢፍቱ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ «ሠዓሊው ምን አጠፋ? መርጋ እኮ ገበያ ላይ የበሬ ዋጋ ሲያዋርድ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያንን አይቶ ነው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ላይኛው ሥዕል ጠቆሙ። ይሁዳ በአንድ ዓይን። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች በአንድ ዓይን። ሰይጣን በአንድ ዓይን። ከዚያ ቁልቁል እሳቸው፣ በጋቢያቸውና በባርኔጣቸው፣ በአንድ ዓይን።

«እኔ ከእነዚያ ወገን ነኝ? በራሴ ገንዘብ?» አሉ።

የደብሩ አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣ አያውቁም። ቀስ ብለው፣ «ልጄ ተሻለ፣ ኃጥእን በጎን፣ ጻድቅን በሙሉ ፊት እንደሚሥሉ ሕፃን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። የጨፌውን የሣልከው አንተ ነህ?» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው የጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።

ሃዋኒ፣ እኔ አላወቅሁም አልልም። ይሁዳን በጎን እንደምትሥዪው አንድ ሺህ ጊዜ በእጄ አልፏል። ግን እኔ ሥዕል ስለጥፍ የማየው ጠርዙን ነው። ማዕዘኑ መግባቱን፣ አረፋ አለመያዙን። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ፎቶው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንቺም ነሽ የላክሽው። በካሬ ከፋፍዬ፣ የነጋዴውን ቆብ አውልቄ የኦቦ መርጋን ባርኔጣ አደረግኩለት። አፍንጫቸውን ልክ አስመስዬዋለሁ።

አሁን ኮሚቴው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቶኛል። አንድ ነገር አድርጊልኝ። በአውሮፓ ያሠራ ሰው በጎን እንደሚሣል፣ እኔም ይህንን አውቄ እንደሠራሁት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። አውቀሽ ነው?

ተሻለ ጉተማ


ግራውሃፈን፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ተሻለ

ብርታት ይስጥዎ። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር።

አዎ፣ አውቄ ነው። ፎቶውን ሳነሣ አውቄያለሁ። ፖስታው ውስጥ «በሙሉ ፊት ያዙሩት» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ነበር። ደብዳቤውን ቀድጄ ያቺን መስመር ትቼ ሌላ ጻፍኩ። «ሕፃን የቆሎ ተማሪ የሚያውቀውን ሠዓሊው ያውቀዋል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እርስዎ ግን ሠዓሊ እንዳልሆኑ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሰበቤ ሰበብ አይደለም።

እዚህ በጎን መሣል ነውር አይደለም። ነጋዴው በጎን የሆነው ወደ ቅዱሱ ስለሚያይ ነው፤ ፊቱን ወደ እኛ ቢያዞር ትዕቢት ይሆንበት ነበር። ይህንን በማኅተም መጻፍ ይቻላል፣ እውነትም ነው። እርስዎ ይህንን አውቀው ሠሩት የሚለው ግን ውሸት ነው፤ አልጽፈውም። ወረቀቱ ቢመጣስ ደንዲ ላይ ቆሞ ሥዕሉን የሚያይ ገበሬ ኦቦ መርጋን ከይሁዳ ጋር ነው የሚቆጥራቸው።

የበደልኩት ኦቦ መርጋን ነው። ለእርሳቸው የጻፍኩት የይቅርታ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ያልላክሁት ማን እንደሆንኩ ሳልነግራቸው ይቅርታ መጠየቅ ስለማልችል ነው። መጀመሪያ ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።

ጉርድ ፎቷቸው አሁንም እኔ ጋ ነው። ፊታቸውን በሁለት ዓይን፣ ተንበርክከው ቀና እንዳሉ አድርጌ እሥላለሁ። እርስዎ በጎን በሣሉት ላይ ይለጥፉታል፣ ልኩን አውቃለሁ። ለኮሚቴው ቀን እንዲጨምሩልዎ ይንገሯቸው። ሸራው የሚላከው ግን ጨፌ ላይ ስሜ ሲጻፍ ነው። አምናም ያልኩት ይኸው ነበር፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ሃዋኒ


አምቦ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃዋኒ

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ደስ የሚል ዜና አለኝ። ያልሽውን ፈጽሜያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጨፌ ሄጄ ከስሜ በላይ «በወለተ ኪዳን እጅ ተሣለ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ቦታው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የክርስትና ስምሽ ይሻላል ብዬ ነው፤ ካህናቱም ደስ ብሏቸዋል። ፎቶው ይኸውና። እንግዲህ ሸራውን ቶሎ ላኪው፤ ኮሚቴው እስከ መስቀል ብቻ ነው የታገሠኝ።

ተሻለ


ግራውሃፈን፣ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ተሻለ

ጤና ይስጥልኝ። ፊደሉ ቆንጆ ነው። ስሙ ግን አይሆንም።

ጌዶ ገበያ መሐል ቆመው «ወለተ ኪዳን!» ብለው ይጣሩ። ስንት ሴት እንደምትዞር ይቁጠሩ። እኔን ግን ማንም ሰው በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም፤ ቄሱ ብቻ፣ ለቁርባን። ወለተ ኪዳንን እግዚአብሔር ያውቃታል፤ እሱ መጀመሪያም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሰው ነው። ሰው የሚያውቃት ሃዋኒ ደቻሳን ነው። እርስዎም ይህንን አውቀው ነው የጻፉት።

በዚህ ጊዜ ፎቶ አልፈልግም። እናቴን ይዘዋት ይሂዱ። በዓይኗ አይታ በስልክ ካልነገረችኝ ሸራው ከዚህ አይነሣም።

ሃዋኒ


አምቦ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃዋኒ ደቻሳ

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰሽ። እናትሽ እንደደወለችልሽ አውቃለሁ። እኔም በበኩሌ የሆነውን ልጻፍ፤ እሷ ስትነግርሽ እኔን ትንሽ ሳታሳምረኝ አልቀረችም።

በመስቀል ማግስት ሄድን። አስቀድሜ ግን ጌዶ ላይ ወርጄ ኦቦ መርጋ በረት ገባሁ። በሬ እያዩ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። የጨፌውን የሣለችው የደቻሳ ልጅ ናት፣ እኔ ለጣፊው ነኝ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሬውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«የጨፌውን ፊቴን እሷ ናት የሣለችው?» አሉ።

«አዎ።»

«እዚያ እኮ ጥሩ ወጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ታዲያ አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ስትመሰገን ምን ይሰማህ ነበር?» አሉኝ።

«ወንበር ያቀርቡልኝ ነበር» አልኳቸው።

«ሂድና ጻፍ» አሉኝ። ወንበር ግን አላቀረቡልኝም።

ጨፌ ስንደርስ ወለተ ኪዳንን አጠፋሁና «ሥዕል፦ ሃዋኒ» ብዬ ጻፍኩ። እናትሽ ሴቶቹ በሚቆሙበት በኩል ሆና፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እያንዳንዷን ፊደል በጣቷ አየር ላይ ትከተል ነበር። ስጨርስ «ደቻሳስ? አባት የላትም?» አለችኝ። ደቻሳንም ጻፍኩ።

ከዚያ ደግሞ አንቺ ያላዘዝሽኝን ጨመርኩ። የራሴን ስም ሁለት እጅ ኖራ ቀብቼ አጠፋሁት። አሁን ግድግዳው ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እንግዲህ አንቺም ይብቃሽ፣ እኔም ይብቃኝ። ኮሚቴውም እስከ ኅዳር ታግሦኛል። ሸራውን ላኪ።

ከእንግዲህ ባንክ ቤት የምገባው በሌላኛው በር ነው።

ተሻለ ጉተማ


ግራውሃፈን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ተሻለ ጉተማ፣ አምቦ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እናቴ ደውላልኛለች። ግድግዳው ላይ ያነበበችውን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ለኦቦ መርጋ ደብዳቤውን ልኬያለሁ። በጎን ሲሣሉ አውቄ ዝም እንዳልኩ ጽፌላቸዋለሁ። ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ስምዎን በኖራ ስለመሸፈንዎ ግን አልስማማም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው በኖራ የደፈነውን በምላጭ ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ብለው ግድግዳ ላይ ኖራ አይምቱ። ሥዕሉ ከጓሮ ክፍል ተነሥቶ ጨፌ ግድግዳ ላይ የወጣው በእርስዎ እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጥግ አልተላጠም። እዚህ ቢሆን መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ተመልሰው ይሂዱ። ኖራውን በእርጥብ ስፖንጅ እያለሰለሱ በቀስታ ይጥረጉ፤ ቀለሙ ዘይት ስለሆነ አይነሣም። ተሻለ ጉተማ የሚለውን ይተዉት። ከፊቱ ያለውን «ሠዓሊ» የሚለውን ብቻ ያጥፉና «ለጥፎ ጽሑፉን የጻፈ» ይበሉ። እውነቱ እሱ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

የኦቦ መርጋ ፊት በዚህ ጥቅል ውስጥ ነው። ሁለት ዓይን አለው። ግራው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ጉርድ ፎቷቸውም ላይ እንደዚያ ነው፣ ወይዘሮ ቢፍቱ ያውቁታል። ጠርዙ ላይ ስሜን ራሴ ጽፌያለሁ፤ ፊደሌ እንደ እርስዎ አያምርም። እንዳይቆርጡት።

ኮላውን ከመቀባትዎ በፊት ዘርግተው ፊቱን አንድ ጊዜ ይመልከቱት።

ሃዋኒ ደቻሳ